የ1909ኙ የሊፕተን ዋንጫ «የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ» ነበር?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጥመናል። አንደኛው የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የወሰዱት በ1930 ኡራጓዮች ሳይሆኑ በ1909 የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው ይላል። ያውም የተጠራው አርሰናል ሆኖ ሳለ በስም መመሳሰል እነሱ ሄዱ አለን። ምን ያህሉ እውነት ነው? ዋንጫውስ ዛሬ የት ነው ያለው?»

መልስ

ጓደኛዎ ከተናገሩት አንዱ ልክ ነው፣ አንዱ ተጋኗል፣ ሦስተኛው ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሲገለጥ የሚፈርስ ተረት ነው። ልክ የሆነውን ላስቀድም። በ1909 ኢጣሊያ ቱሪን ከተማ ውስጥ የአራት አገር ቡድኖች ተጋጥመው ዋንጫውን ዌስት ኦክላንድ የሚባል የእንግሊዝ መንደር ክለብ ወስዷል፤ ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኦክላንድ ሲባልም ኒውዚላንድ ትዝ እንዳይልዎ፤ ይህኛው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ ቢሾፕ ኦክላንድ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለ መንደር ነው።

ዋንጫውን የሰጠው ሰር ቶማስ ሊፕተን በሻይ ካርቶን ላይ ስሙን የምናየው ሰውዬ ራሱ ነው። በ1848 ግላስጎው ተወለደ፣ በ1871 እዚያው የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ከፈተ፣ በ1890 ወደ ሲሎን፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ ተሻግሮ የሻይ እርሻ ገዛ። በመርከብ ቀዘፋ ሳይሆን በሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ፍቅር የተለከፈ ሰው ነበር፤ አሜሪካ ካፕ የሚባለውን ውድድር ከ1899 እስከ 1930 አምስት ጊዜ ሞክሮ አምስቱንም ተሸንፏል። ለሌላው ዋንጫ ሲያድል ኖሮ የራሱን ሳያገኝ የቀረ ሰው ነው። የቱሪኑን ዋንጫ ያበረከተው ከኢጣሊያ መንግሥት የክብር ኒሻን በተሰጠው ጊዜ፣ ለውለታው አጸፋ ነው ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሊፕተን ዋንጫ አንድ አይደለም። በ1905 ሰውዬው ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ ብሔራዊ ቡድኖች ሌላ ዋንጫ ሰጥቶ ነበር፤ የዚያኛው ደንብ ተጫዋቾቹ በሙሉ የአገሩ ተወላጅ እንዲሆኑ ያስገድድ ነበር። ኢንተርኔት ላይ «ኮፓ ሊፕተን» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ የሚያወራው ስለ ደቡብ አሜሪካው ነው። ክርክራችሁን ከዚያ በተገኘ ውጤት ብትደግፉት ሁለቱን አደባልቃችኋል ማለት ነው።

ወደ ቱሪን እንመለስ። ከእንግሊዝ ዌስት ኦክላንድ፣ ከጀርመን ሽቱትጋርተር ሽፖርትፍሮይንደ፣ ከስዊዘርላንድ የ1908 ሻምፒዮኑ ቪንተርቱር መጡ። ከኢጣሊያ በኩል የተሰለፈው የጁቬንቱስና የቶሪኖ ተጫዋቾች የተቀላቀሉበት የከተማው ምርጥ ነው። ይህ ጥምረት ራሱ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነው፤ ቶሪኖ ክለብ የተወለደው በታኅሣሥ 1906 ከጁቬንቱስ በተገነጠሉ ሰዎች ነውና፣ ከተጣሉ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ውድድሩ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። ሚያዝያ 11 ሁለቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች ተደረጉ፤ ዌስት ኦክላንድ ጀርመኖቹን 2 ለ 0 ረታ፣ ቪንተርቱር ደግሞ ባለሜዳዎቹን አሸነፈ። በማግስቱ ሚያዝያ 12 በፍጻሜው ዌስት ኦክላንድ ቪንተርቱርን እንዲሁ 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ሁለት ጨዋታ፣ አራት ግብ፣ የተቆጠረበት ደግሞ ምንም። የሚባለው «የዓለም ዋንጫ» ጠቅላላ ርዝመቱ ይኸው ነው።

ቀኖቹን በደንብ ያስተውሉ። ሚያዝያ 11 ቀን 1909 የፋሲካ እሑድ ነበር፣ 12 ደግሞ የፋሲካ ማግስት ሰኞ። የዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ ገጥሞ ስለነበር በእኛም አገር ሚያዝያ 3 ቀን 1901 ዓ.ም. የትንሣኤ ዕለት ነው። የሁለተኛው ውድድር ቀናት፣ ሚያዝያ 16 እና 17 ቀን 1911፣ እንዲሁ የምዕራባውያኑ ፋሲካ እሑድና ሰኞ ናቸው። ይህ እንዲያው የገጠመ ነገር አይደለም። አማተር ተጫዋች ማለት ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነው፤ ከአራት አገር አማተሮችን አንድ ከተማ ላይ ማሰባሰብ የሚቻለው ሁሉም በዓል ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በዓሉ እንኳ ለእንግሊዞቹ አይበቃም ነበር። በዚያ ዘመን ከሰሜን እንግሊዝ ቱሪን የሚደርሰው በባቡር ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የእንግሊዝን ባሕር በመርከብ ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን በባቡር አቋርጦ፣ በአልፕስ ተራሮች ሥር በ1871 በተከፈተው የፍሬዡስ ዋሻ በኩል ነው። መሄጃውና መመለሻው ከበዓሉ ያለፈ የሥራ ቀን ይበላል፤ ከሰል ቆፋሪ ደግሞ ጉድጓድ ላልወረደበት ቀን የሚከፈለው ነገር የለም።

የአማተርነት ደንቡም ይህን ቀዳዳ እንዲደፍኑ አይፈቅድላቸውም ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በገንዘብ መጫወትን የፈቀደው በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተጫዋች ወይ ፕሮፌሽናል ነው ወይ አማተር፣ መሀል ቤት የለም። አማተሩ ሊቀበል የሚችለው በትክክል ያወጣውን የጉዞና የማደሪያ ወጪ ብቻ ነው። ከሥራ በመቅረቱ ያጣውን ደመወዝ ክለቡ ቢተካለት፣ አንድ ቀን ብትሆንም፣ ፕሮፌሽናል ተብሎ ይፈረጃል። የደንቡ ክፋት እዚህ ላይ ነው፦ ለሀብታም ልጅ ምንም አይጎዳውም፣ ለቆፋሪው ግን ኳስ በተጫወተ ቁጥር ከቤቱ እንጀራ ይቀንስበታል። ተጫዋቾቹ ለጉዞው ሲሉ የቤት ዕቃ ሳይቀር አስይዘው ገንዘብ አሰባስበዋል የሚለው የመንደሩ ወግ ከዚህ ደንብ ጋር ሲታይ የሚያስገርም አይደለም። ከዚያው ሰፈር ሳንርቅ ለንጽጽር ያህል፣ በየካቲት 1905 ሚድልስብራ የተባለው ክለብ አልፍ ኮመንን ከሰንደርላንድ በ1000 ፓውንድ ገዝቷል፤ የፕሮፌሽናሎቹ የደመወዝ ጣሪያም በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር።

አሁን «ቆፋሪዎቹ የአውሮፓን ፕሮፌሽናሎች አሸነፉ» ወደሚለው እንምጣ። ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቦታ ተጽፏል፣ ስህተት ግን ነው። በ1909 ፕሮፌሽናል እግር ኳስን በይፋ የፈቀደች የአህጉሩ አገር አልነበረችም። ኢጣሊያ መንገዱን የከፈተችው በ1926 ነው፤ ጀርመን ቡንደስሊጋን የጀመረችው እስከ 1963 ቆይታ ነው። ስለዚህ ቱሪን ላይ የተገናኙት አማተሮችና አማተሮች ናቸው። በእኔ አስተያየት ይህ የዌስት ኦክላንድን ድል አያሳንሰውም፣ ይልቅ ምክንያቱን ያስረዳል። እነዚህ ሰዎች የመጡት በ1889 ከተመሠረተው ኖርዘርን ሊግ ነው፤ በየሳምንቱ ጠንካራ ጨዋታ የሚያደርጉ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የተደራጀ ኳስ ባለበት አካባቢ ያደጉ ናቸው። አህጉሩ በዚያን ጊዜ ገና ከእንግሊዝ ነጋዴና መምህር እየተማረ ነበር።

ጨዋታው ራሱ ዛሬ ብናየው ግራ ያጋባን ነበር። ግብ ጠባቂው ኳስ በእጁ የሚነካው በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በራሱ የሜዳ አጋማሽ በሙሉ ነው፤ ይህ የተከለከለው በ1912 ነው። እስከ መሀል ሜዳው ክብ ድረስ ወጥቶ ኳሱን በእጁ የሚያፍስ በረኛ በዓይነ ህሊናዎ ይሳሉ፤ ደንቡ የከለከለው ከሁለት እርምጃ በላይ ይዞ መሄድን ነው። በረኛ ከጓደኞቹ የተለየ ቀለም ይልበስ የተባለውም በዚያው በ1909 ስለሆነ ከዚያ በፊት ዳኛው ማን በእጁ እንደነካ ለመለየት ዓይኑን ማጥበብ ነበረበት። ከጨዋታ ውጪ ላለመሆን በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል በረኛውን ጨምሮ ሦስት የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች መኖር ነበረባቸው፤ ወደ ሁለት የወረደው በ1925 ነው። ይህ ምን ያመጣል? አንድ ተከላካይ ወደፊት አንድ እርምጃ ከወጣ ወጥመዱ ተዘጋ ማለት ነው። ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ አምስት አጥቂ ተሰልፎ እያለ ውጤቱ 2 ለ 0 የሚሆነው ለዚህ ነው። አጥቂ ሲበዛ ግብ ይበዛል ብለው አያስቡ።

ኳሱ ሲጀመር ከ13 እስከ 15 አውንስ ነበር፤ በግራም ከ368 እስከ 425። ከዛሬው ከ410 እስከ 450 ግራም ካለው ኳስ ቀለል ያለ ነው፣ ግን ደረቅ ሳለ ብቻ። የተሰፋ ቆዳ ውሃ ይጠጣል፤ ሜዳው ከረጠበ በሁለተኛው አጋማሽ በጭንቅላት መምታት ቅጣት ይሆናል። ኳሱ የሚነፋበት አፍ በቆዳ ጠፍር ይታሰር ስለነበርም ጠፍሩ ግንባር ላይ ካረፈ ይቆርጣል። ተቀያሪ ተጫዋች የለም፤ የተጎዳ ካለ በአሥር ይቀጠላል። በሁለት ተከታታይ ቀን ሁለት ሙሉ ጨዋታ በእነዚያው አሥራ አንድ ተጫዋቾች ሲደረግ፣ እሑድ ብዙ ያልለፋው ቡድን ሰኞ ያሸንፋል። ወደ ሌላ ምሥጢር መሄድ አያስፈልግም።

ስለ አርሰናል። የተረቱ ይዘት ይህ ነው፦ የሊፕተን ሰዎች «ደብልዩ ኤ» የሚል ምህጻር ይዘው ዉልዊች አርሰናልን ሊጠሩ ሲሉ ደብዳቤው ዌስት ኦክላንድ ዘንድ ደረሰ። ሲወራ ይጣፍጣል፣ ግን ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። አንደኛ፣ ዉልዊች አርሰናል ከ1891 ጀምሮ ፕሮፌሽናል ነው፣ በ1909 በአንደኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር፤ የእንግሊዝ ማኅበር ደግሞ በውድድሩ አልገባም ብሎ ቡድን ለመላክ እምቢ ብሏል። ሁለተኛው ለእኔ ወሳኙ ነው፦ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሊግ የፋሲካ ሰሞን ዕረፍት ሳይሆን የዓመቱ ጨዋታ የሚደራረብበት ሳምንት ነው፤ ክለቦች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ፣ ሜዳው ይሞላል፣ ገቢው ከፍተኛ ነው። የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለብ በዚያ ሳምንት ቡድኑን ጠቅልሎ ቱሪን ሊሄድ የሚችልበት መንገድ የለም። ጠሪዎቹ በፋሲካ እንዲጫወት የጋበዙት አማተርን ነው። ይህ ወሬ ይበልጥ የተሰራጨው ታሪኩን በ1982 ድራማ አድርጎ ያቀረበ የቴሌቪዥን ፊልም ከታየ በኋላ ስለሆነ ፊልሙን እንደ ማስረጃ እንዳትጠቅሱት።

የዓለም ዋንጫ ነው አይደለም የሚለው ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የተጫወተው አገር ነው ወይስ ክለብ፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር ወይስ በግብዣ፣ ውጤቱን ያጸደቀው አካል ማን ነው። ቱሪን በሦስቱም ይወድቃል። ክለቦች ናቸው፣ በግብዣ ነው፣ ፊፋም አላጸደቀውም። ፊፋ ግን በዚያን ጊዜ ነበረ፤ ፓሪስ ላይ የተመሠረተው በግንቦት 1904 ነው።

እንዲያውም ከቱሪን ስድስት ወር ቀድሞ፣ በጥቅምት 1908 ለንደን ላይ የተደረገው የኦሊምፒክ እግር ኳስ ለስሙ ይበልጥ ይቀርባል። እዚያ የተሰለፉት ብሔራዊ ቡድኖች ናቸው። ስምንት ቡድን ተመዝግቦ ሀንጋሪና ቦሄሚያ ቀሩ፤ ፈረንሳይ ሁለት ቡድን አመጣች፣ ሁለቱም ዴንማርክ እጅ ወደቁ፣ አንዱ 9 ለ 0፣ ሌላው 17 ለ 1። በሁለተኛው ጨዋታ ሶፉስ ኒልሰን ብቻውን አሥር ግብ አስቆጥሯል። ፈረንሳዮቹ ከዚያ ወዲያ ለነሐስ ሜዳሊያው እንኳ አንጫወትም ብለው አገራቸው ገቡ። በፍጻሜው ታላቋ ብሪታንያ ዴንማርክን 2 ለ 0 አሸነፈች። ያም ቢሆን አማተሮች ብቻ የተፈቀዱበት ነው፤ ቡድኑም በስም የብሪታንያ፣ በተግባር የእንግሊዝ አማተር ቡድን ነበር።

ፊፋ የኦሊምፒኩን እግር ኳስ እንደ አማተሮች የዓለም ሻምፒዮና ለመቀበል የተስማማው በ1914 ነው። በ1920 አንትወርፕ ላይ ግብፅ ስትሰለፍ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ1924 ፓሪስ ላይ ሀያ ሁለት አገሮች ተወዳደሩና ኡራጓይ ወሰደች፣ በ1928ም ደገመች። ኡራጓዮች ሁለት የዓለም ዋንጫ ይዘው ማሊያቸው ላይ አራት ኮከብ የሚሰፉት እነዚህን ሁለቱን ጨምረው ስለሚቆጥሩ ነው። ጓደኞችዎ «ከ1930 በፊት የዓለም ዋንጫ ነበር» ብለው መከራከር ከፈለጉ የሚያዋጣቸው ይህኛው ነው፤ እዚህ ላይ ቁም ነገር ያለው ሙግት አለ። አማተርና ፕሮፌሽናል አብረው የሚገቡበት ውድድር ግን 1930 ሞንቴቪዴዮ ድረስ አልመጣም። የብሪታንያ ማኅበራትም በ1928 ከፊፋ የወጡት አማተር ላጣው ደመወዝ ይከፈለው አይከፈለው በሚለው፣ ማለትም የከሰል ቆፋሪዎቹን ኪስ በነካው በዚያው ጥያቄ ነው።

የዋንጫውን ዕጣ ላጠቃል። ዌስት ኦክላንድ በ1911 ዋንጫውን ለማስጠበቅ ተመልሶ ሄደ። በዚህኛው የተሳተፉት እሱ፣ ዙሪክ፣ ጁቬንቱስና ቶሪኖ ናቸው። ዙሪክን 2 ለ 0፣ በፍጻሜው ጁቬንቱስን 6 ለ 1 አሸነፈ። ይህ 6 ለ 1 ብዙ ጊዜ በ1909 ስም ሲጻፍ ያያሉ፤ የ1911 ነው። «ጁቬንቱስን» ሲባልም የዛሬውን አያስቡ፤ የዚያን ጊዜው ክለብ በእጁ የነበረው ሻምፒዮንነት የ1905ቱ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስላሸነፈ ዋንጫው ለዌስት ኦክላንድ ለዘለቄታው ተሰጠው።

ደስታው ግን ዕዳ ይዞ መጣ። ክለቡ ከጉዞው በኋላ ገንዘብ አጠረውና ዋንጫውን ለመንደሩ ዊትሺፍ ሆቴል ባለቤት በ40 ፓውንድ አስያዘው። ሴትየዋ ይዛው ቆየች፤ መንደሩ ከእሷ መልሶ የገዛው በ1960፣ በ100 ፓውንድ ነው። ከዚያ በመንደሩ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በጥር 1994 ተሰረቀ፣ እስካሁንም አልተገኘም። ዛሬ መንደሩ ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ቅጂ ነው። ስለዚህ ፎቶ ስታዩ ቀኑን አረጋግጡ፤ ከ1994 ወዲህ የተነሳ ከሆነ የምታዩት ሊፕተን የሰጠውን አይደለም። የዓለም ዋንጫ ከተባለ አይቀር በዚህ ነገር እንኳ ይመሳሰላል፤ ብራዚል በ1970 ለዘለቄታው የወሰደችው የዡል ሪሜ ዋንጫም በ1983 ሪዮ ላይ ተሰርቆ እንደወጣ ቀርቷል።

ክለቡ ራሱ አሁንም አለ፣ አሁንም ትንሽ ነው። በ2009 ለመቶኛው ዓመት መታሰቢያ ቱሪን ሄዶ ከጁቬንቱስ ወጣቶች ቡድን ጋር ተጫወተ፤ 7 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ።